የጉና ውሃና የጣና ነጭ ዓሣ

በቀድሞው የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት፣ ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው አገር፣ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ከራስጌ ሆኖ የሚመለከት አንድ ትልቅ ተራራ አለ፤ እርሱም ጉና ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በጉና ላይ የሚዘንበው ዝናም በልዩ ልዩ ወገን ተከፍሎ ይወርዳል። በሰሜን የወረደው ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ በምሥራቅና በደቡብ የወረደው በጋይንትና በስማዳ ሸለቆዎች አልፎ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይገባል፤ በምዕራብ የወረደው ግን በርብና በጉማራ ወንዞች አድርጎ ጣናን ይመግባል። በአንድ ቀን በአንድ ተራራ ላይ የዘነበው ውሃ እንዲህ ተለያይቶ ከሄደ በኋላ፣ ሁሉም ተመልሶ በአንድነት የሚገናኘው ከአገር ወጥቶ በሱዳን ምድር ነው።

ስለዚህ አገር ታሪክ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት የሠራዊትን መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በጋይንት በኩል ማለፋቸውን ተማሪዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንተርከው ስለ ሌላ መንገድ ነው። ይኸውም የጣና ዓሣ በየክረምቱ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ጉና ግርጌ የሚጓዝበት የውሃ መንገድ ነው። ይህ መንገድ ከመድፉ መንገድ እጅግ የቆየ ሲሆን፣ በዘመናችን ሊዘጋ የተቃረበ ስለ ሆነ ታሪኩን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭ አገር መጻሕፍት የታተሙበትን ዓመት ግን እ.ኤ.አ. እያልን ለይተናል።)

በጣና ባሕር ለገበያ የሚወጡት ዓሦች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። እነርሱም ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ቀረሶ በሐይቁ ዳር ይራባል፤ ዕንቁላሉንና ጫጩቱንም በአፉ ይዞ ስለሚጠብቅ ጉዳት ቢደርስበት ቶሎ ያንሠራራል። የነጭ ዓሣ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመራባትም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ የሚራባውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ወቅት ነው። ከወገኑም ብዙዎቹ የሚራቡት በሐይቁ ውስጥ ሳይሆን በወንዝ ነው። ስለዚህ ነጭ ዓሣ ኑሮው በጣና፣ ትውልዱ ግን በጉማራና በርብ፣ እነዚህንም በመሳሰሉት ገባሮች ነው ማለት ይቻላል።

ነጭ ዓሣ የሚለው ስም አንድ ይሁን እንጂ በስሙ የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው። ይህን ለማወቅ ሊቃውንቱን ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በዘመነ መሳፍንት፣ በ1825 ዓ.ም ገደማ፣ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ ወደ ጎንደር መጥቶ በጣና ያገኛቸውን ዓሦች መርምሮ ነበር። ወደ አገሩም ከተመለሰ በኋላ ስለ እነዚሁ ዓሦች ጽፎ አሳተመ። ዛሬ በሳይንስ ላቤዮባርቡስ የሚባለውን የወገን ስም ያወጣው እርሱ ነው፤ ስሙንም ያወጣው ከንፈሩ ወፍራም በሆነው በአንድ የጣና ዓሣ ምክንያት ነው። ከእርሱ በኋላ ቡላንዤ የተባለው የብሪታንያ ሙዚየም ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1902 ሌሎች ዓይነቶችን ጨመረ። በጠላት ወረራ ዘመንም ቢኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የሐይቁን ዓሦች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1940 ብዙ ስሞችን የያዘ መጽሐፍ አወጣ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1973 ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በሙዚየም የተቀመጡትን ናሙናዎች መርምሮ፣ እነዚህ ሁሉ በመልክ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አንድ ዓይነት ዓሣ ናቸው ሲል ፈረደ። ብዙው ስም ተሠርዞ በአንድ ስም ተጠቀለለ። ይህ ፍርድ ለሃያ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። በመጨረሻ ናግልኬርኬና ሲቢንግ የተባሉ በሆላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ዓሣውን በሙዚየም ጠርሙስ ሳይሆን ከነሕይወቱ በጣና ላይ መመርመር ጀመሩ። አንዱ ዓይነት በድንጋያማው ዳር፣ አንዱ በጥልቁ፣ አንዱ በገላጣው ውሃ የሚኖር መሆኑን፣ የአንዱ ምግብ ቅጠል፣ የሌላው ቀንድ አውጣ፣ የሌላው ዓሣ መሆኑን አስተዋሉ። በመጨረሻም 15 ዓይነት መኖሩን አስረዱ። ከነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየያዙ የሚበሉ ናቸው። የዚህ ወገን ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ሲሆን ዓሣ በል መሆኑ ሊቃውንቱን እጅግ አስደንቋቸዋል። ከአገራችንም ሊቃውንት ዶክተር እሸቴ ደጀን፣ ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁንና ዶክተር ዋሴ አንተነህ በዚሁ ሐይቅና በገባሮቹ ዓሦች ላይ የደከሙ ናቸው።

ይህን የስም ታሪክ ያስረዘምነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሥራ አምስት ዓይነት ዓሣ በአንድ ስም ከተጠራ፣ ከአሥራ አምስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ቢጠፉ የሚያውቅ የለም። በመዝገብ ላይ «ነጭ ዓሣ፣ ይህን ያህል ኪሎ» ተብሎ ሲጻፍ፣ የጎደለው የትኛው እንደ ሆነ መዝገቡ አይናገርም። ሳይመዘገብ የጠፋ ሀብት ደግሞ የሚጠየቅበት ሰው የለውም።

ጣና በዓለም ላይ ልዩ የሆነበት ምክንያትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሐይቁ ከ15,000 ዓመት ያህል በፊት ከድርቅ በኋላ እንደገና የሞላ መሆኑን የጭቃውን ንጣፍ የመረመሩ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ከልክሎታል። ስለዚህ በውስጡ ያሉት ዓሦች ለብቻቸው ሆነው በየፊናቸው በዙ። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ወገን በፊሊፒንስ አገር በላናው ሐይቅ ነበረ። እዚያ ግን ከውጭ የመጣ ዓሣ ሲገባበትና ያለ ልክ ሲጠመድበት ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከላናው ዓሦች 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸውን አስታወቀ። እንግዲህ የጣናው ወገን በዓይነቱ ብቻውን ቀርቷል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በጣና ላይ ዓሣ ማጥመድ ከጥንት የነበረ ሥራ ነው። በተለይ የወይጦ ተወላጆች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ ላይ ሆነው በመንጠቆና በመረብ ሲያጠምዱ ኖረዋል። ታንኳው ከዳር ርቆ አይሄድም፤ የሚይዘውም ጥቂት ነው፤ ገበያውም ቅርብ ነው። በዚህ ሁኔታ ዓሣውና አጥማጁ ለብዙ ዘመን አብረው ኖሩ።

በ1978 ዓ.ም ገደማ አዲስ ነገር መጣ። የእርሻ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከሆላንድ በጎ አድራጊ ድርጅቶች ጋር ተባብረው የጣናን ዓሣ ሀብት የማልማት ሥራ ጀመሩ። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጣ፤ አጥማጆችም ሠለጠኑ፤ ዓሣው በበረዶ ተይዞ እስከ አዲስ አበባ ይደርስ ጀመር። በ1979 ዓ.ም 39 ቶን የነበረው የዓመት ምርት ከአሥር ዓመት በኋላ 360 ቶን ደረሰ። ይህ ሥራ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ለብዙ ሰው እንጀራ ሰጥቷል፤ ድኻ ለሆነው የሐይቁ ዳር ነዋሪም ገቢ ሆኗል። ጉዳቱ የመጣው ዓሣው የሚራባበት ጊዜና ሥፍራ ከሚጠመድበት ጊዜና ሥፍራ ጋር በመግጠሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ ገብቶ ወንዞች ሲሞሉ፣ ለመራባት የደረሰው ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ሁሉ ተሰብስቦ በየወንዙ አፍ ይከማቻል። ጉማራን፣ ርብንና ሌሎችንም ገባሮች ይዞ እስከ ጥቅምት ድረስ ሽቅብ ይወጣል። ቢያንስ ሰባት ዓይነት በጉማራ ውስጥ እንደሚራቡ ተረጋግጧል። ዓሣው በተወለደበት ጅረት ተመልሶ ሳይራባ እንደማይቀርም አንዳንድ ሊቃውንት ያምናሉ። እንግዲህ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው በሐይቁ ሁሉ ተበትኖ የነበረውን እናት ዓሣ በአንድ ቦታ ያገኘዋል። መረቡ የሚይዘውም ያንን ዓሣ ብቻ ሳይሆን በሆዱ የተሸከመውን የዓመት ትውልድ ጭምር ነው። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም መካከል በተደረገው ምርመራ፣ የጣና ነጭ ዓሣ ብዛት በ10 ዓመት ውስጥ በመቶ 75 ያህል እንደ ቀነሰ ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ገልጸዋል። ከአራቱ እጅ ሦስቱ እጅ ሄደ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች አስቀድሞ ደርሶ ነበር። በቪክቶሪያ ሐይቅ ኒንጉ የሚባለው ዓሣ እንደ ነጭ ዓሣ በወንዝ የሚራባ ነው። በወንዞቹ አፍ መረብ በመዘርጋቱ ያ ትልቅ ገበያ የነበረው ዓሣ ከ50 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ተመናመነ። በሉዋፑላ ወንዝና በምዌሩ ሐይቅም የዚያው ወገን ዓሣ ሽቅብ ሲወጣ በብዛት ስለ ተጠመደ ከ1940ዎቹ ወዲህ ሀብቱ ወደቀ። ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው፣ በወንዝ የሚራባ ዓሣ ሲያልቅ ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት የሚያልቅ መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ መረቡን ብቻ ብንከስ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውሃ በፍጥነት በሚያልፍበት፣ ጠጠር በተነጠፈበት ሥፍራ ነው። ዕንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ይቀመጣል፤ ውሃው እየተመላለሰ አየር ያቀብለዋል። በጠጠሩ ላይ ደለል ቢያርፍ ግን ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ደለሉ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሣ አይደለም። ከእስቴ፣ ከፋርጣና ከደራ ተዳፋት እርሻዎች ታጥቦ የሚወርድ ነው። በጉና ላይ ዛፉ ተቆርጦ፣ ሣሩ ተግጦ፣ ገደሉ ሳይቀር ታርሶ ሲገኝ፣ ከዚያ የሚወርደው ጎርፍ ጉማራን ቀይ ያደርገዋል። ዓሣው ደክሞ ሽቅብ ወጥቶ ቢደርስም የሚያገኘው አልጋ ጭቃ የለበሰ ነው።

ከዚህም ሌላ ጉዳቱ ብዙ ነው። ለቤት ሥራ የሚሆነው አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ሆድ እየተዛቀ ይጫናል። በበጋ የመስኖ ሞተር ውሃውን ሲስበው ጫጩቱ በየኩሬው ተለይቶ ይቀራል። በአንዳንድ ሥፍራም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በኩሬው ይጨመርና ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቀማል። የብርብራ መርዝ ትልቁን ከትንሹ ስለማይለይ የሚበላውን ለማግኘት የማይበላው ጫጩት አብሮ ያልቃል። በሐይቁ ዳርም ከ2004 ዓ.ም ወዲህ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ሰሜናዊ ምሥራቁን ዳርቻ ወሮ፣ ጫጩት የሚያድግበትን ረግረግ አጣቦታል። በርብ ላይ በ2000 ዓ.ም መግቢያ ተጀምሮ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የተፈጸመው ግድብ ከ70 ሜትር በላይ ቁመት አለው፤ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃም ይይዛል። ለፎገራ ሜዳ ገበሬ የሚሰጠው ጥቅም ታላቅ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ግንብ ዘልሎ የሚወጣ ዓሣ የለም። ርብ እንዲህ ከሆነ ዘንድ ጉማራ ለነጭ ዓሣ ያለው ዋጋ እጥፍ ሆኗል ማለት ነው።

መንግሥት ነገሩን ችላ ብሎታል አንልም። በ1995 ዓ.ም ቁጥር 315 የሆነው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በፌዴራል መንግሥት ታውጇል፤ የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ አዋጅና መመሪያ አውጥቷል። በባሕር ዳርም የዓሣና የሌሎች የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። በ2007 ዓ.ም ጣና በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የጉና ተራራም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ እንዲሆን ተከልሏል። እንግዲህ የጎደለው ሕግ አይደለም። የጎደለው ሕጉን ከወንዙ ራስ እስከ ወንዙ አፍ አንድ አድርጎ የሚይዝ እጅ ነው። ዓሣውን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት በሐይቁ ዳር አለ፤ አፈሩን የሚጠብቀው ግብርና ጽሕፈት ቤት በደጋው አለ፤ ግድቡን የሚሠራው ሌላ ነው፤ አሸዋውን የሚያስጭነውም ሌላ ነው። ውሃው ግን አንድ ነው፤ የወረዳ ወሰን አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የተመናመነን ዓሣ መልሶ ለማብዛት ምን ይበጃል? አንዳንድ ሰዎች ጫጩት በኩሬ አርብቶ ወደ ሐይቅ መጨመር ይበቃል ይላሉ። ለቀረሶ ይህ የሚሆን ነው። ለነጭ ዓሣ ግን ዓይነቱ ብዙ፣ ጠባዩም ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የተዘጋውን መንገዱን መክፈት ነው። መንገዱ ከተከፈተለት እርሱ ራሱ ይበዛል። ይህንንም ለማድረግ አራት ነገር ይፈለጋል። አንደኛ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዞቹ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ ማድረግና በዚያ ወራት ለአጥማጁ ሌላ መተዳደሪያ ማሰብ። ሁለተኛ፣ በጉማራና በገባሮቹ ዕንቁላል የሚጣልባቸውን የጠጠር ሥፍራዎች ለይቶ ከአሸዋ ዛቂና ከብርብራ መጠበቅ። ሦስተኛ፣ ወደፊት በሚሠራ ግድብና መጥለፊያ ላይ የዓሣ መተላለፊያ ከፕላኑ ጀምሮ እንዲገባ ማድረግ። አራተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፣ አፈሩን በተራራው ላይ ማስቀረት ነው።

በዚህ በአራተኛው ነገር ጋይንትና ስማዳ ለእስቴና ለፋርጣ ሊያስተምሩት የሚችሉት ብዙ ነው። የእነርሱ ውሃ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርድ ስለ ሆነ የጣናን ዓሣ በቀጥታ የሚነካው አይመስልም። ነገር ግን የተራቆተ መሬት ምን እንደሚያመጣ ከእነርሱ ይበልጥ የቀመሰ የለም። በ1977 ዓ.ም የደረሰውን ረኃብ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ሠርቷል፤ ቦረቦር ገድቧል፤ ተራራ ከልሎ ሣርና ዛፍ አብቅሏል። ይህን ሲያደርግ ያሰበው ስለ እህሉና ስለ ልጆቹ እንጂ ስለ ዓሣ አይደለም፤ ሊያስብም አይገደድም። ነገር ግን ለጤፉና ለገብሱ ብሎ የሚያስቀረው አፈርና ለነጭ ዓሣ ዕንቁላል መርዝ የሚሆነው ደለል አንድ ናቸው። የጉና ምዕራባዊ ፊት እንደዚህ ቢሠራ፣ ገበሬው አፈሩን ያገኛል፤ ዓሣውም አልጋውን ያገኛል።

«ሕዝብ እህል ሳይጠግብ ስለ ዓሣ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገሩ እውነት የሚመስል ቢሆንም፣ እኛ እርሻው ይቅርና ዓሣው ይጠበቅ አንልም። ዓሣ ለባሕር ዳርና ለፎገራ ድኻ እህል ነው። በደጋው ያለው ገበሬም አፈሩን ለጎርፍ ሰጥቶ የሚጠግብበት ጊዜ አይመጣም። የሁለቱ ጥቅም የተለያየ የሚመስለው፣ አንዱ በተራራው ራስ ሌላው በባሕሩ ዳር ስለሚኖሩና ተገናኝተው ስለማይነጋገሩ ነው።

ስለዚህ ለክቡራን አንባቢዎቻችን፣ በተለይም በሥራቸው ይህን አገር ለሚያገለግሉት፣ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ሹማምንት የውሃና የአፈር ጥበቃ ሪፖርት ስትጽፉ፣ ከተሠራው የእርከን ኪሎ ሜትር ጋር በወንዙ ውስጥ ያለውን የጠጠርና የደለል ሁኔታ ጻፉ። በእስቴና በጋይንት ያላችሁ መምህራን የወንዛችሁን ስምና የሚሄድበትን ባሕር ለተማሪዎቻችሁ ስታስተምሩ፣ በውስጡ የሚወጣውን ዓሣ ከነዓይነቱ አስተምሩ። ተማሪዎችም ከሽማግሌዎች ዘንድ በየወንዙ ቀድሞ የት ድረስ ዓሣ ይወጣ እንደ ነበር ጠይቃችሁ በጽሑፍ አስቀሩ። ያልተጻፈውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ እነርሱም ለዘለዓለም አይኖሩም። መሐንዲሶችም ወንዝ በምትለኩበት ጊዜ ውሃውን ብቻ ሳይሆን በውሃው የሚመላለሰውን ቁጠሩ።

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ከዕልቂቱ የተረፈው ነጭ ዓሣ አሁንም በጉማራ አፍ ይሰበሰባል። አሥራ አምስቱ ዓይነት ለሚመጣው ትውልድ በሕይወት ይተርፉ እንደ ሆነ፣ ወይም እንደ ላናው ዓሦች በመጽሐፍ ብቻ የሚነበቡ ይሆኑ እንደ ሆነ፣ የሚወሰነው በሐይቁ ብቻ አይደለም፤ ዓሣውን አይተውት በማያውቁ በጉና ወገብ በሚኖሩ ሰዎች እርሻና በእኛም በመሥሪያ ቤት በተቀመጥነው ሰዎች ሥራ ጭምር ነው።